ሚስማሩን ማን አሳተው?

ኅዳር መጨረሻ ላይ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ የሣሩን ጫፍ ነጭ የሚያለብስበት ሰሞን። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የግቢዬ በር ተንኳኳ። የሰፈራችን ባለጋሪ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። «ዶክተር፣ ዳማው እግሩን መሬት አላስነካ አለ» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም። ቢሾፍቱ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ተምሬ ይኸው 22 ዓመት በሙያው አለሁ። ሰዉ መርፌ የያዘን ሁሉ ዶክተር ስለሚል ማረሙን ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ዳማው ትንሽ ፈረስ ነው። በውጭ አገር ልማድ ቁመቱ 148 ሳንቲሜትር ያልሞላ ፈረስ «ፖኒ» ይባላል፤ በዚያ መለኪያ ዳማውም፣ በከተማችን ጋሪ የሚጎትቱት አብዛኞቹም ፖኒዎች ናቸው። ያ ትንሽ አካል የባለጋሪውን፣ የእናቱንና የሁለት እኅቶቹን እንጀራ ይጎትታል። ጋጣው ስገባ በሦስት እግሩ ቆሞ አገኘሁት። የቀኝ የፊት እግሩን ወደፊት ዘርግቶ የሰኮናውን ጫፍ ብቻ መሬት አስነክቷል። በዚያ ብርድ ጎኑ በላብ ርሷል። ያልሠራ ፈረስ ሲያልበው ሕመሙ ከባድ ነው።

የባለጋሪው እናት ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በእጃቸው ይዘው ከኋላዬ ገቡ። «አትድከሚ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ የዓይን ነው። ትናንት ማታ ያ ቀጥቃጭ በበራችን ሲያልፍ ቆሞ አየው። ‘አቤት ፈረስ!’ አለ። ከዓይን ያውጣው እንኳ ሳይል ሄደ። ሌሊቱን እንዲህ ሆኖ አደረ።» ቀጥቃጭ ያሉት ከገበያው ጀርባ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ነው፤ ጫማም ለዳማው ያለበሰው እርሱ ነው። በአገራችን ብረት የሚያቀልጥና ሸክላ የሚሠራ ሰው ስንት ዘመን ቡዳ ሲባል እንደኖረ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። አዋጁ ግን እነሆ እዚያ ጋጣ ውስጥ ገና አልደረሰም ነበር።

ይህን የምጽፈው እኒያን እናት ለመውቀስ አይደለም። እኔም በዚያን ቀን ተሳስቻለሁ፤ ስሕተቴን አስቀድሜ ልናገር።

ባለጋሪው «ትከሻው ነው» አለኝ። በእርግጥ የጋሪው ማሰሪያ የሚያርፍበት ትከሻ ላይ አሮጌ ቁስል ነበር። ዓይኔ ቁስሉ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። የፈረስ ሰው ሁሉ እንከን ፍለጋውን ከትከሻ መጀመር ይወዳል፤ ትከሻ ትልቅ ነው፣ ይታያል፣ ይታሻል። የፈረስ የፊት እግሮች ግን ከአካሉ ክብደት ስድሳ በመቶ ያህሉን ይሸከማሉ፤ የፊት እግር ማነከስም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከታች፣ ከሰኮና ነው። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ። ቢሆንም ትከሻውን አሸሁ፣ ቅባት ቀባሁ፣ እረፍት ስጡት ብዬ ሄድኩ። ሰኮናውን አላነሣሁም። ዳማው በእኔ ምክንያት አንድ ሌሊት ጨምሮ ተሠቃየ።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ልቤ ስላላረፈ የነጠላዬን መስቀለኛ ሳልፈታ ወደ ጋጣው ሄድኩ። በዚህ ጊዜ እንደሚገባ ጀመርኩ። በልጓም ይዞ በኮብልስቶኑ መንገድ ላይ ጥቂት እርምጃ እንዲያስኬደው ባለጋሪውን ጠየቅኩት። የሚያነክስ ፈረስ ጭንቅላቱን ያወዛውዛል፤ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ይህን ገልብጦ የሚያነብ ሰው ጤነኛውን እግር ሲያክም ይውላል። የዳማው ጭንቅላት ቀኙ በነካ ቁጥር ወደ ሰማይ ተወነጨፈ። ከጉልበቱ በታች ያለውን ጅማት ከላይ እስከ ታች በጣቴ ዳበስኩ፤ አላበጠም፣ አልጋለም። አጥንቱን ተጫንኩ፤ ዝም አለኝ። ገብስ ሰርቆ እንዳይሆን ጠየቅኩ፤ ብዙ እህል የበላ ፈረስ ሰኮናው ውስጥ ይቃጠላል፣ ያን ጊዜ ግን አብዛኛውን ሁለቱም የፊት እግሮቹ ይያዙና ወደ ኋላ ተደግፎ ይቆማል። ይሄ አንድ እግር ብቻ ነው። ከቁርጭምጭሚቱ በታች፣ ከኋላ በኩል፣ የደም ሥሩ የሚያልፍበትን ቦታ በሁለት ጣቴ ያዝኩ። በግራው እግር ምቱ ተፈልጎ የሚገኝ ነበር፤ በቀኙ ግን እንደ ከበሮ ይመታል። መዳፌን ሰኮናው ላይ አሳረፍኩ። በውርጭ አገር፣ በጠዋት፣ ሰኮናው ትኩስ ነበር።

«ጫማውን መቼ አለበስከው?» አልኩት።

«ሰኞ።»

ሰኞ ጫማ ለብሶ እስከ ዓርብ ደህና ሠርቶ ቅዳሜ ማለዳ መቆም ያቃተው ፈረስ ምን እንደሆነ ከዚህ በኋላ መጠርጠር አይከብድም። ስድስቱን ሚስማሮች አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። ሁለቱ በሰላም ወጡ። ሦስተኛው፣ በውጭ በኩል ያለው፣ ሲነቃነቅ ዳማው እግሩን ከእጄ ነጠቀኝ። ባለጋሪው አንገቱን አቅፎ ያዘልኝ። ሚስማሩ እርጥብ ሆኖ ወጣ፤ ጠቁሯል፣ ይሸታል። በሰኮና ቢላዬ ቀዳዳውን ትንሽ ስከፍተው ግራጫና ጥቁር የተቀላቀለ ቀጭን መግል ፈሰሰ። ዳማው ረዥም ትንፋሽ አወጣ። ያን ትንፋሽ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ስለ እንስሳ ዝምታ ብዙ ይሳሳታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰኮና ውጫዊ ግድግዳ እንደ ጥፍራችን አይሰማውም፤ ሚስማር የሚመታው እርሱ ላይ ነው። በግድግዳውና በእግሩ ወለል መካከል ቀጭን ነጭ መስመር አለ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ደምና ስሜት ያለው ሥጋ ነው። ሚስማር ያን መስመር አልፎ ሲገባ ቆሻሻ ይዞ ይገባል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ይመግላል። ሌላ ቦታ የሚመግል ቁስል ያብጣል፣ ቦታ ያገኛል። ሰኮና ግን የተዘጋ ጠንካራ ሣጥን ነው፤ መግሉ መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ ይጫናል። ምንም ሳይታይ ፈረሱ በአንድ ሌሊት እግር የሌለው ይሆናል። ባለጋሪው ከመጀመሪያው «መርፌ ውጊልኝ» እያለ ሲለምነኝ ነበር፤ መርፌ ቢወጋ ኖሮ መግሉ እዚያው ታፍኖ ይቀር ነበር። ያስፈለገው በር መክፈት ነው። ከዚያ እግሩን በጨው ሙቅ ውሃ ዘፈዘፍነው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልነው፣ ጭቃ እንዳይነካው በላስቲክ አሰርነው። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ወጋሁት፤ ከቤት እንስሳት ሁሉ እንደ ፈረስ ለዚያ በሽታ የተጋለጠ የለምና።

ሚስማሩን በመዳፌ ይዤ ለእናትየው አሳየኋቸው። አዩት። ካዩት በኋላ የተናገሩት ቃል ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

«እሺ፣ ሚስማር ነው። ሚስማሩንስ ማን አሳተው?»

መልስ አልነበረኝም። ሰውየው ዘመኑን ሁሉ ጫማ ሲያለብስ ኖሯል። በዚያው ሰኞ ሌሎች ፈረሶችንም አልብሷል፤ አላነከሱም። ለምን ይሄኛው ፈረስ? ለምን ይሄኛው ሚስማር? እናትየው ሚስማሩን አልካዱም። ከሚስማሩ በስተጀርባ ያለውን ነው የጠየቁት፤ በጋጣ ውስጥ የተጠየቀ ቢሆንም የሃይማኖትና የፍልስፍና ሰዎች ሲሟገቱበት የኖሩት ጥያቄ ነው። የተማርን ሰዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ በፈገግታ ማለፍ እንወዳለን። ማለፍ አልቻልኩም፤ በዚያ ጥያቄ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ቆሟል፣ ቡዳ ይባላል።

ማታ ወደ አባቴ ሄድኩ። አባቴ የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ተማሪ ግን አሁንም ከእግራቸው ሥር አይጠፋም። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ትከሻውን ማሸቴንም አልደበቅኩም። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ «የመጽሐፍ ተማሪ ምሥጢር ልናገር ብሎ ሲቸኩል ምን እለዋለሁ?» አሉኝ። አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ከጎናቸው ተቀምጬ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ዘይቤውን ፍታ። በአንድምታ ጉባኤ አንድ ቃል «አንድም» እየተባለ ሦስትና አራት ፍቺ ሊሸከም ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያባርርም። ነገር ግን ቃሉ እንዳለ ምን ይላል የሚለውን ሳይፈታ ወደ ምሥጢሩ የዘለለ ተማሪ ይመለሳል። «ሚስማሩ ዘይቤው ነው» አሉኝ አባቴ። «ዘይቤውን ጨርሰሽ ፈተሽዋል ወይ?»

ከዚያ ስለ ሜምፊቦስቴ ጠየቁኝ። የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ሁለት እግሮቹ ሽባ ነበሩ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምክንያቱ ተጽፏል፤ የሳኦልና የዮናታን ሞት በተሰማ ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፣ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ከጥድፊያዋ የተነሣ ወደቀ፣ አንካሳም ሆነ። ይኸው ነው። የንጉሥ የልጅ ልጅ ነው፣ በዙሪያው የመንግሥት መገልበጥና የመቀባት ታላቅ ምሥጢር አለ፤ መጽሐፉ ግን ስለ እግሩ ሲናገር የሰውን እጅና ጥድፊያን ብቻ ጠቀሰ። ስለ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰውም እናውቃለን። ደቀ መዛሙርቱ ጥፋቱ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። ቀጥሎ ያደረገውን ግን ብዙ ጊዜ ሰብከን እናልፈዋለን፤ ወደ መሬት ጎንበስ አለ፣ በምራቁ ጭቃ ለወሰ፣ ዓይኑን ቀባ፣ ወደ ሰሊሆም ሄደህ ታጠብ አለው። ጥፋተኛ ፍለጋውን ዘግቶ እጁን ወደ አፈር ሰደደ።

እኔ ደግሞ በዚያ ሌሊት ሳስብ ያደርኩት የበለዓምን አህያ ነው። አህያይቱ ሦስት ጊዜ አልሄድም አለች፤ በሁለተኛው የጌታዋን እግር ከቅጥሩ ጋር አጣበቀችው፤ በሦስተኛው ከሥሩ ተኛች። ሦስት ጊዜ ደበደባት። ነቢይ ነኝ የሚለው ሰው ያላየውን አህያይቱ አይታ ነበር። እንስሳ እምቢ ሲል ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን እስኪያገኝ ድረስ ዝቅ ብሎ መመርመር የባለቤቱ ዕዳ ነው። ሰውን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ፣ አባ መላ እያልን ነገሥታትንና ጀግኖችን ከፈረሳቸው ስም ጋር እናነሣለን። ያ ክብር ለጋሪ ፈረስ እግር አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብሎ ለማየት ካልበቃ ስሙ ብቻ ምን ያደርጋል?

አባቴ «ምሥጢር የለም» አላሉኝም። እኔም አልልም። የምኖርበት ከተማ ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ ከሰማይ ታየ ከተባለ ብርሃን ነው። ከታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ብርሃኑን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ኮከብ ቢሆን እምነቴ አይናወጥም፤ ኮከቡም የእርሱ ነው። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በንጉሡ ፍርድ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ ነውና ለፍርዱ የሰማይ ምስክር ተደርጎ ተነበበ። ምልክትን ቶሎ ማንበብ ግድያን ያጸድቃል። ምን እንደሆነ በትዕግሥት ሳይመረመር ምን ማለት እንደሆነ የተወሰነ ነገር ሁሉ ሊያርፍበት የሚፈልገው ጎረቤት አያጣም።

ሰኞ የእናትየውን ጥያቄ ይዤ ወደ ቀጥቃጩ ሄድኩ። «ጋሼ፣ የሰኞው ፈረስ መግሏል። ሦስተኛው ሚስማር ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ከመናገሩ በፊት ሚስማሩን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው። ከዚያ እየፈራም ቢሆን አስረዳኝ። የፈረስ ጫማ ሚስማር ጠፍጣፋና ስስ መሆን አለበት፤ ጫፉ በአንድ ጎን የተሞረደ ሲሆን ሲመታ ወደ ውጭ ይታጠፍና በግድግዳው በኩል ይወጣል። እርሱ የሚያገኘው ግን ክብ የግንባታ ሚስማር ነው፤ ክብ ሚስማር መታጠፊያ አያውቅም፣ በተመታበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጫማውንም የሚሠራው ከፌሮ ቁራጭ ነው። የዳማው አሮጌ ጫማ ከዚያ ሰኞ በፊት ወድቆ በድንጋዩ መንገድ ላይ ያለ ጫማ ጭነት ስለጎተተ የሰኮናው ዳር ተሸራርፏል፤ ሚስማር የሚይዝ ግድግዳ ጥቂት ነበር የቀረው። ሰኮና በወር አንድ ሳንቲሜትር ያህል እንኳ አያድግም። «ሁለት ሳምንት አሳርፈውና አምጣው አልኩት» አለኝ። «ልጁ የገብስ ጭነት አለብኝ፣ ቶሎ በልልኝ አለ። አጠገቤ ቆሞ ያጣድፈኝ ነበር። እኔም እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።»

ሚስማሩን ማን አሳተው? ክብ ብረት፣ የተሸራረፈ ሰኮና፣ ጥድፊያ። የሞግዚቲቱ ጥድፊያ። ጥያቄውን በቅንነት እስከ ጥግ ስንከተለው ወደ ጠያቂው ቤት ተመልሶ ገባ። በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ቀጥቃጩ አለበት፣ ባለጋሪው አለበት፣ ቅዳሜ ሰኮናውን ሳላነሣ የሄድኩት እኔም አለሁበት። እናትየው ሰውየውን በመጠርጠር ከእውነት ሩቅ አልነበሩም፤ ፈረሱ የታመመው በእርግጥ በእርሱ በኩል ነው። የሳቱት መንገዱን ነው። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስለን። ይህን ያስተዋልኩት በራሴ አይደለም፤ እርሱ ነው የነገረኝ። ልነሣ ስል እጄን ያዘኝና «እኅቴ፣ ሚስማሬ ከሆነ እታረማለሁ። ዓይኔ ነው ሲሉኝ ግን ዓይኔን የት ልጣለው?» አለኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ይህን ጥያቄ ከልጅነቱ ጀምሮ ተሸክሞት ኖሯል።

ስለዚህ መንስኤን መፈለግ እምነትን ይቀንሳል ለሚሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ መልሴ ይህ ነው። መጸለይን አልከለክልም፤ ዳማውን ሳክም ስጸልይ ነበር። ጠበል መርጨትን አልከለክልም። የመንፈስ ክፋት የለም የሚል ትምህርትም አልያዝኩም። ነገር ግን ሊነቀል የሚችል ሚስማር በፈረስ እግር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ምክንያቱን ወደማይነቀል ነገር ማዞር ሁለት በደል ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንዱ አፍ በሌለው ፍጥረት ላይ፣ ሌላው በወንድም ላይ። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚያስብ በመጽሐፈ ምሳሌ የተጻፈው ለሰማይ ብቻ አይደለም። ማሰብ ማለት እግሩን አንሥቶ ማየት ነው።

የቀጥቃጩን ቃል ለእናትየው አደረስኩ። ብዙ አልተናገሩም። ስለ ጥድፊያው ስነግራቸው ልጃቸውን አዩት፤ እርሱም መሬት መሬት አየ። በዳማው አንገት ላይ ያሰሩትን ክታብ አላወረዱም፤ እኔም አውርዱ አላልኩም።

ዳማው በሦስተኛው ቀን እግሩን ሙሉ ረገጠ። ሦስት ሳምንት አረፈ፤ በዚያ ጊዜ የቤቱ ወጪ በብድር ተሸፈነ። ጫማውን ዳግመኛ ያለበሰው ያው ሰው ነው። ክቡን ሚስማር በእሳት አግሎ ጠፍጣፋ አድርጎ ቀጥቅጦ፣ ጫፉን በአንድ ጎን ሞርዶ አዘጋጅቶ ጠበቀን። ባለጋሪው እግሩን ይዞ ቆመ፤ እናትየው ከአጥሩ በር ሆነው ያዩ ነበር። ሥራው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ አምስት ሰዓት ቆየ። ስድስት ሚስማር መታ፤ ስድስቱም በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ ወጡ።